ስልሳ ሊትር ባሕር

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ኮረብታማው ገጠር ወጣ ሲባል ቢዮ አዋሌ ይገኛል። ማሽላና ጫት የሚበቅልበት፣ ውሃ በጀሪካን በአህያ የሚጫንበት፣ ድንጋይ የሚበዛበት አገር ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ የቀለጠ ብርሃን ከነጫጭ ዓለቶች ላይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል።

በድሬዳዋ ዙሪያ ካሉት ዓለቶች ብዙዎቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው። የተሠሩትም ባሕር ውስጥ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ምሥራቅ ኢትዮጵያን ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ሸፍኖት ነበር። የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት እየተደራረበ፣ እየተጫነ ድንጋይ ሆነ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለውም ጥሬ ዕቃው እዚሁ ስለነበረ ነው።

ባሕሩ ከሄደ በኋላ በዚህ አገር 60 ሊትሩን መልሶ ለማምጣት የተነሣ ወጣት አለ። ሥራው የሬዲዮና የስልክ ጥገና ነው። በሥራ ቤቱ ጥግ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ በሲሊኮን የተያያዘ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃ ሞልቶበታል፤ ያፈስ እንደሆነ እየፈተሸው ነው። ዓሣ ግን የለበትም። ጎረቤት በገባ ቁጥር «ዓሣውስ የታለ?» ይለዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ገና ነው፣ እያነበብኩ ነው።» ከገንዳው አጠገብ አንድ ደብተር አለ፤ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የአንድ ዓሣ ስም ተጽፏል። እናቱ ደብተሩን እያዩ «ለአንዲት ዓሣ ይህ ሁሉ ጽሕፈት ነው ልጄ?» ይላሉ።

ይህ ዘገባ ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። የጨው ውሃ ዓሣን በትንሽ ገንዳ ለማኖር ያሰበ ሰው ብር ከማውጣቱ በፊት ምን ማወቅ አለበት? ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት፣ ውሃው ከባድ በሆነና መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ የበለጠ ይከብዳል።

ትንሽነቱ ነው ችግሩ

ብዙ ሰው በትንሽ መጀመር ይቀላል ብሎ ያስባል። በጨው ውሃ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። የድሬዳዋ ሙቀት ውሃውን ያተንነዋል፤ የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ከ60 ሊትር 5 ሊትር ቢተን 35 የነበረው የጨው መጠን ከ38 ያልፋል። ያው 5 ሊትር ከ1000 ሊትር ቢጎድል ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ትንሽ ድስት ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ገንዳም እንደዚያው ነው። ሙቀቱም፣ ጨውነቱም፣ ቆሻሻውም ሰው ሳያየው ይለዋወጣል።

ስለዚህ የጎደለው በየቀኑ ይሞላል፤ የሚሞላውም ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ጨውነቱን ከቀን ወደ ቀን ይጨምረዋል።

የቧንቧው ውሃስ? የድሬዳዋን ውሃ ያፈላ ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ከኖራ ድንጋዩ የሟሟ ካልሲየም ነው። ከተማዋን የሚያጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ በመሆኑ ቧንቧዎች ሳይቀሩ በዚህ ቅርፊት ይጠባሉ። ካልሲየሙ ብቻውን ለባሕር ዓሣ ጠላት አይደለም። የሚያሳስበው ናይትሬት ነው። በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በተለይ በሳቢያን አካባቢ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓዶችና ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት መኖሩን አሳይተዋል። ናይትሬት በገንዳ ውስጥ የሚጠራቀም የመጨረሻው ቆሻሻ ነው። ገና ከመነሻው ናይትሬት ባለበት ውሃ የሚጀምር ሰው ዕዳ ይዞ ይጀምራል። መፍትሔው የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ማጣሪያ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ነው።

ጨውም ማንኛውም ጨው አይደለም። ወጥ ቤታችን የሚገባው ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣ ነው፤ ለምግብ ነው የተዘጋጀው፣ አዮዲንም ይጨመርበታል። የባሕር ውሃ ግን ከሶዲየም ክሎራይድ ሌላ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችንም በታወቀ ልክ ይዟል። ለአኳሪየም የሚዘጋጅ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ለ60 ሊትር 2 ኪሎ ግራም ግድም ነው። መጠኑ የሚታወቀውም በሚዛን ሳይሆን ጨውነትን በሚለካ መሣሪያ ነው።

«ዓሣው ከመግባቱ በፊት ገንዳው ራሱ መኖር መጀመር አለበት።»

ገንዳው «መኖር ጀመረ» የሚባለው ባክቴሪያዎቹ ሲበረክቱ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ይገድላል። አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ ሰፍረው ሥራቸውን በሙሉ አቅም እስኪይዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ለንባብ የተሰጠ ጊዜ ካለ እርሱ ይህ ነው። ውሃው ሲዘጋጅ ሰውየውም ይዘጋጃል።

መልክ አይጠየቅም

የቢዮ አዋሌው ወጣት ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተጽፈዋል፦ ሲያድግ ስንት ይሆናል? ምን ይበላል? ከማን ጋር ይጣላል? ከየት መጣ? ቀለሙን የሚመለከት ጥያቄ የለም። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚመሰገነው በዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ቀለም ነው፤ ቤት ገብቶ ዓሣውን የሚገድለው ግን ቁመቱ ወይም ምግቡ ነው።

ከቁመት እንጀምር። «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተሰኘው ፊልም በ2003 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ልጆች ሁለት ዓሣ ያውቃሉ፤ ብርቱካንማውን ኒሞንና ሰማያዊዋን ዶሪን። በሱቅ ውስጥ ሁለቱም ጣት የሚያህሉ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ኒሞ ክላውን የሚባለው ዓሣ ነው፤ ኦሴላሪስ የሚባለው ዓይነት በገንዳ ውስጥ ከ8 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ከቤቱም ርቆ አይዋኝም። ዶሪ ግን ሰማያዊ ታንግ ናት፤ ስታድግ 30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ቀኑን ሙሉ በኮራል ዳርቻ እየዋኘች ምግቧን የምትለቅም ዓሣ ናት። 60 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ ሁለት ቁመቷን ሄዳ ግድግዳ ይገጥማታል። ሻጩ «አሁን እኮ ትንሽ ናት» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አሁን ትንሽ ናት። ገዢው ማወቅ ያለበት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የምትሆነውን ነው።

ምግብ ከቁመት የከፋ ወጥመድ ነው፣ ምክንያቱም ረሃብ ቶሎ በዓይን አይታይም። ማንዳሪን የምትባል ከምዕራብ ፓስፊክ የምትመጣ ዓሣ አለች፤ በሰማያዊና በብርቱካን መስመር ያጌጠች፣ ቁመቷም ለትንሽ ገንዳ የተፈጠረች የምትመስል። በልማዷ የምትበላው ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ሕያዋንን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ትለቅማለች። 60 ሊትር ገንዳ የያዘውን በአጭር ጊዜ ትጨርሳለች። የደረቅ ምግብ ብናኝ ሲወርድላት አብዛኛውን ጊዜ አትነካውም። ሆዷ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ጀርባዋ እየሳሳ ትሄዳለች። በቀይ ባሕር ከሚኖሩት ውብ የቢራቢሮ ዓሦች አንዳንዶቹ ደግሞ ሕያው ኮራል ካልሆነ በስተቀር አይበሉም። እነዚህን መግዛት የዓሣውን ሞት መግዛት ነው፤ ይህን ለማወቅ የአምስት ደቂቃ ንባብ ይበቃል።

ጠባይ ሦስተኛው ነው። ዶሚኖ የሚባለው ዓሣ ጥቁር ሆኖ ሦስት ነጭ ነጥብ አለው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎ አይሞትም፣ ጀማሪዎች ይወዱታል። ሲያድግ ግን ነጥቦቹ ይደበዝዛሉ፣ ቁመቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ትንሹን ገንዳ ሁሉ የራሱ ግዛት ያደርገዋል። በባሕር የተሸነፈ ዓሣ ይሸሻል፤ በ60 ሊትር ውስጥ መሸሻ የለም። ክንፉ ተበልቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ምግብ መቅረብ ፈርቶ ያልቃል። ዓሦች የሚገቡበት ቅደም ተከተል እንኳ ጥናት ይፈልጋል፤ ገራሙ ይቀድማል፣ ግዛት ወዳዱ መጨረሻ ይገባል።

የክላውን ነገር ከዚህም ይረቃል። ሁሉም ሲፈለፈሉ ወንዶች ናቸው። ከቡድኑ ትልቁና የበላዩ ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ቀጣዩ ባሏ ይሆናል። ይህን ያነበበ ሰው ሁለት ትናንሽ፣ በመጠን የሚበላለጡ ክላውኖች ይገዛል፤ ማን ሴት እንደሚሆን እነርሱ ይጨርሱታል። ያላነበበ ሁለት ትልልቅ ገዝቶ ሁለት ሴቶች ያጋጥማል፣ ከዚያ ጦርነት ነው። በተፈጥሮ ክላውን በባሕር አኔሞን ክንዶች መካከል ይኖራል፤ በገንዳ ግን ያለ አኔሞን በደህና ይኖራል። አኔሞን ራሱ እንስሳ ነው፤ ብርቱ ብርሃንና ወራት የቆየ፣ የተረጋጋ ገንዳ ይፈልጋል። «ዓሣውን ከወሰድክ ይህንም ውሰድ» የሚል ሻጭ ካለ አይሆንም ማለት ነው።

«በሱቅ ዓይን የሚስበው ቀለም ነው፤ በቤት የሚገድለው ቁመትና ምግብ ነው።»

የቅርቡ ባሕር

የድሬዳዋ ሰው ባሕር ሲባል ጅቡቲን ያስባል። ከተማዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ስለ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ሲያወሩ መስማት የተለመደ ነው። «300 ኪሎ ሜትር ላይ ባሕር እያለ ለምን ከሩቅ ይመጣል?» ይላሉ። ጥያቄው ይገባል፤ መልሱ ግን ወደ ደብተሩ ይመልሰናል።

ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የራሳቸው ክላውን አላቸው፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ። እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይኸው ሰው ከዓመት በኋላ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ጎንደር ድረስ ዘልቋል፤ የጣናን ቢልጫዎችም ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት ቀዳሚው እርሱ ነው። ዛሬ የጣና ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች የሩፔልን ስም ሳይጠሩ አያልፉም።

ይህ ባለ ሁለት መቀነት ክላውን ለእኛ ቅርብ ነው ማለት ለ60 ሊትር ይስማማል ማለት አይደለም። እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሲጎለምስም ይቆጣል። የሩቁ ኦሴላሪስ ለትንሽ ገንዳ ይሻላል። ሶሃል የሚባለው የቀይ ባሕር ታንግ 40 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ኃይለኛ ግዛት ጠባቂ ይሆናል፤ የሰፊ ገንዳ ዓሣ ነው። አንበሳ ዓሣ በክንፉ እሾህ መርዝ አለው፤ በአፉ የሚገባውን ትንሽ ዓሣ ሁሉ ይውጣል። በሌላ በኩል በቀይ ባሕር ብቻ የሚገኘው ሐምራዊው ኦርኪድ ዶቲባክ ከ7 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ከብዙ ዘመዶቹም ይልቅ ገራም ነው። ብቻውን ከሆነና መደበቂያ ድንጋይ ካለው ለወጣቱ ገንዳ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ምርጫ ነው። በደብተሩ ላይም ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

ከቀይ ባሕር ዓሣ ማውጣት የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤርትራ ውስጥ የጌጥ ዓሣ አጥምዶ ወደ ውጭ የመላክ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ተመራማሪዎችም አጥንተው በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ አያያዙ ጽፈዋል። ጠላቂ በመረብ የያዘው ዓሣና በመርዝ የተያዘ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ልዩነታቸው ላይታይ ይችላል። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ ወደ ኮራሉ ይረጩ ነበር፤ ዓሣው ደንዝዞ ይያዛል፣ ኮራሉ ይሞታል፣ ዓሣውም ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት የሞተ ይመስላል። «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ደብተሩ ላይ የገባው ለዚህ ነው። ምርጡ መልስ «እንቁላል ተፈልፍሎ በሰው እጅ ያደገ» የሚል ነው። ክላውንና ኦርኪድ ዶቲባክ በብዛት በእርባታ ይገኛሉ። ሰማያዊዋ ታንግ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርባታ ያደገችው በ2016 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለዚህ ሱቅ የምትታየው ዶሪ ከባሕር የተያዘች መሆኗ ያመዝናል።

በአገራችን ውስጥ በጨው ውሃ የሚኖሩ ዓሦች መኖራቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በታች ባለው አፍዴራ ሐይቅ፣ ፍል ውሃዎች ከዳርቻው እየፈለቁ ጨዋማውን ሐይቅ ይቀላቀላሉ። በዚያ ቅይጥ ውሃ ውስጥ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ ሁለት ትናንሽ ዓሦች አሉ። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ይባላል። ሁለተኛውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር ሆነው በ2001 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋውቀውታል። ትንሽ ናቸው፣ ሙቀት ይችላሉ፣ ጨው ይችላሉ፤ በወረቀት ላይ ለድሬዳዋ ገንዳ የተሠሩ ይመስላሉ። ግን መኖሪያቸው አንድ ሐይቅ ብቻ ነው፣ እዚያው ጨው ይመረትበታል። ከዚያ የሚወጣ እያንዳንዱ ዓሣ ከዓለም ሁሉ የሚጎድል ነው። ስለ እነርሱ ማንበብ ይገባል፤ መግዛት ወይም ማጥመድ አይገባም።

ስሙን በትክክል መያዝ

ማንበብ የሚጀምረው ከስም ነው። «ቢጫው ዓሣ» ተብሎ አይጠናም፤ በአንድ ሱቅ ብቻ አምስት ቢጫ ዓሣ ሊኖር ይችላል። ሻጩን ሳይንሳዊ ስሙን ማስጻፍ ወይም ፎቶ አንስቶ ማመሳከር ያስፈልጋል። ስሙ ከተገኘ ፊሽቤዝ የተባለው የዓሣ መዝገብ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ የዓሣውን ከፍተኛ ቁመት፣ ምግብ፣ የሚኖርበትን ጥልቀትና አገር ይናገራል። ስልክ ያለው ሁሉ ሊያየው ይችላል። መዝገቡ የባሕሩን ኑሮ ይነግራል፤ የገንዳውን ኑሮ ደግሞ ያኖሩ ሰዎች ይነግራሉ። አንድ ጸሐፊ ብቻ የሚለውን ሳይሆን፣ ዓሣ ሻጭ ያልሆኑ ሦስት አራት ሰዎች የሚስማሙበትን መያዝ ደህና ነው።

የወጣቱ ደብተር ብዙ ስም ተሰርዞበት የቀረው ዝርዝር አጭር ነው፦ ሁለት የእርባታ ኦሴላሪስ እና አንድ ጎቢ። ጎቢው አሸዋ ላይ የሚኖር ዓሣ ነው፤ የዓለምን ትኩረት የሳበ ወዳጅነት አለው። ዓይኑ ደካማ የሆነ ሽሪምፕ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጎቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንቴናውን ከጎቢው ላይ አያነሣም፤ ጎቢው ጭራውን ሲያርገበግብ ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ። ቀይ ባሕር ውስጥም እንዲህ የሚኖሩ ጎቢዎች ሞልተዋል። ይህን ማየት ለወጣቱ ከማንኛውም ቀለም ይበልጥበታል። አንድ ነገር ግን ጽፎ አስምሮበታል፦ ጎቢ ሲደነግጥ ከውሃ ይዘላል፣ ስለዚህ ገንዳው የመረብ ክዳን ይፈልጋል። ክዳኑ ደግሞ መስታወት ቢሆን ሙቀት ያፍናል።

ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኮራል ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሲሆን ይስማማቸዋል። የድሬዳዋ ቀን ከ30 በላይ ሲወጣ የገንዳው ውሃም ይከተለዋል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ውሃው ላይ የሚነፋ ትንሽ ማራገቢያ በደረቅ አየር በትነት ያቀዘቅዛል፤ በምላሹ ትነቱ ስለሚጨምር መሙላቱም ይጨምራል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ፓምፑም ይቆማሉ። ጠጋኙ ወጣት ለዚህ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጅቷል። በእኔ አስተያየት ከዓሣው በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኦክስጅን ያለቀበትን ዓሣ ጠዋት ላይ ምንም ንባብ አያድነውም።

ከሻጩ ፊት

የግዢው ቀን ሲደርስ ከሻጩ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ «እስቲ አብላው።» ዓሣው እዚያው ገዢው ፊት ምግብ ካልበላ ቤት ሄዶ ይበላል ብሎ ተስፋ ማድረግ ቁማር ነው። ትንፋሹ ይታያል፤ የስንጥቡ ክዳን በጣም ከፈጠነ ታሟል። ሆዱ ይታያል፤ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ረሃብ ቆይቶበታል። ክንፉ ላይ እንደ ጨው ብናኝ ያለ ነጭ ነጥብ ካለ ነጭ ነጥብ የሚባለው ጥገኛ በሽታ ነው፤ አንድ የታመመ ዓሣ 60 ሊትሩን ሁሉ ይበክላል። ሱቁ ሰልፍ ቢበዛበትም ይህን ሁሉ እያዩ አንድ ሰዓት መቆም ነውር የለውም።

ልምድ ያላቸው ሁሉ የሚስማሙበት ሌላ ነገር አዲሱን ዓሣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ለብቻው በሌላ ዕቃ ማቆየት ነው። ያን ዕቃ መዳብ ባለበት መድኃኒት ማከም ይቻላል፤ ዋናውን ገንዳ ግን አይቻልም፣ መዳብ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላልና። ወጣቱ ለዚህ ያሰበው ምግብ የሚያዝበት ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ከሳሙናና ከዘይት ነጻ እስከሆነ ድረስ ይበቃል።

ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፈ ጥያቄ አለ፤ ለብዙ ገዢዎች የማይመጣ ጥያቄ ነው፦ «ባይሆንልኝ ማን ይወስደዋል?» በትልልቅ የዓለም ከተሞች ዓሣው የበዛበት ሰው ለሱቁ ይመልሳል ወይም ለሌላ ወዳጅ ይሰጣል። እዚህ ግን የጨው ውሃ ገንዳ ያለው ጎረቤት የለም፤ ወንዝ ላይ መልቀቅም አይታሰብም፣ የባሕር ዓሣ በወንዝ ውሃ ይሞታል። ስለዚህ እዚህ የሚገዛ ዓሣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚኖርበት ቤት ያ 60 ሊትር ብቻ ነው፤ ክላውን ደግሞ በደህና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ወጣቱ ከዝርዝሩ የሰረዛቸው ስሞች አብዛኞቹ የተሰረዙት ይህን ጥያቄ ከጻፈ በኋላ ነው።